ለባዶ ጉዞ የተከራየነው መኪና

ሰቆጣ ውስጥ መኪና ለመከራየት ሦስት ቀን ሙሉ ዞሬያለሁ። ሦስቱንም ቀን አብረውኝ የዞሩት ከቆላ በእግራቸው የወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የተወለድኩት ጋዝጊብላ፣ ደጋው ላይ ነው፤ የተመደብኩት ግን ወደ ተከዜ በሚያዘቀዝቀው ቆላ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ድንጋዩ እግር በሚያቃጥልበት አንድ ቀበሌ ነው። ስመደብ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር። መኪና ፍለጋ ስወጣ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ቃሬዛ ነው። በቀበሌያችን ምጥ የጠናባት ሴት ከዳገቱ በላይ እስካለው ጤና ጣቢያ የምትወጣው በቃሬዛ ነበር። ስምንት ወንዶች አራት አራት እየሆኑ ይፈራረቃሉ፤ እኔ ከጎን እሄዳለሁ። ደህና እግር ላለው ሰው አራት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ለቃሬዛ የቀን እኩሌታ ነው። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንዲት ሴት ከዳገቱ ወገብ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ወለደች። ሕፃኑ አላለቀሰም። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ተሸካሚዎቹ ወደ ላይ እንቀጥል ወይስ ወደ ቤት እንመለስ ብለው ሲጠይቁኝ በእጄ ወደ ላይ አሳየኋቸው። እናቲቱ ተርፋለች።

ከዚያ በኋላ አምቡላንስ እንዲላክልን ለመጠየቅ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያነጋገረኝ ሰው ክፉ አልነበረም። ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ዝርዝር አሳየኝ። መኪና የማይገባባቸው ቀበሌዎች ስም ነው። የእኛም አለበት።

«መንገድ ቆርጠናል እኮ» አልኩት። እውነት ነበር። ሰዉ ሁለት በጋ በዶማና በመዶሻ ሲቆርጥ ከርሟል።

«ቆርጣችኋል። መኪና ገብቶበታል?»

«አልገባም።»

«ያለን አንድ አምቡላንስ ነው፣ እህቴ። ያቺ ገደል ከገባች ለማንም አትተርፍም። እስቲ አንድ መኪና ገብቶ ይውጣና ንገሩኝ፤ ያኔ እኔ ራሴ ከዝርዝሩ እሰርዛችኋለሁ።»

እኔን ለመሸኘት ያለው ይመስለኛል። ቀበሌ ተመልሼ፣ መንገድ ሲያስቆርጡ ለከረሙት፣ በኋላም ሰቆጣ አብረውኝ ለዞሩት ሽማግሌ ነገርኳቸው። እኒህ ሰው አፍ የፈቱት በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና ነው፤ አማርኛቸው አጭርና የተመረጠ ነው፤ አንድ ቃል ከማውጣታቸው በፊት ሲመዝኑት ይታያሉ።

«መኪና ይግባ አለ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ መኪና እናምጣ።»

«ከየት እናመጣለን?»

«ሰው በቅሎ ይከራይ የለም እንዴ? መኪናም ይከራያል።»

ሰዉ ከየቤቱ አዋጣ፤ ፍየል የሸጠም ነበር። ከተማውን ታውቃለች፣ አፍም አላት ተብዬ እኔ ተመረጥኩ። ያን ሰሞን ሁዳዴ ነበር፤ ሙቀቱ የሚብስበት ወቅት። ደክሞኝ ነበር፤ ግን ለእነዚያ ሰዎች ደክሞኛል ማለት አይቻልም። እነሱ ጾመው ድንጋይ ይፈልጣሉ።

ሰቆጣ ከጦርነቱ ወዲህ ዳገትና አሸዋ የሚችል ደህና መኪና እንደ ልብ አይገኝባትም። ያላቸው ሰዎች ቀበሌውን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሁለተኛው ቀን አንድ ባለመኪና በትዕግሥት አናገረኝ።

«ምን ልትጭኑ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ማንን ልትወስዱ ነው?»

«እኔና እኒህ አባት ነን።»

«ለምን ጉዳይ?»

«መኪናው መግባቱን ለማየት።»

ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ሰውየው ሳቁን ሲጨርስ እጅ ነስተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አሮጌ ላንድክሩዘር አከራየችን። ቅድመ ሁኔታዋ አንድ ነው፦ «ሹፌሩ ተመለሱ ካለ ትመለሳላችሁ። ክርክር የለም።» ሹፌሩ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የሚጠመጥም፣ ወገቡን የሚያመው ከሲታ ሰው ነው። ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ እግሩን ያወጣል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላውን።

ጎማዎቹን እየነካካ ሽማግሌውን ጠየቃቸው። «አባቴ፣ መንገዱን ያውቁታል?»

«ከልጅነቴ።»

«በመኪና?»

«መኪና ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።

ጠዋት ተነሣን። መንገድ እንዲያሳዩ ሽማግሌውን ከፊት አስቀመጥናቸው። ጠጠሩ መንገድ ሜዳ ሳለ ደህና ነበሩ። መውረድ ስንጀምር ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አላስቻላቸውም። ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ቆመላቸው። ጾመኛ ናቸው፤ የሚወጣ ነገር ሳይኖር ወደ ላይ ይላቸዋል። ውኃ ስሰጣቸው እንቢ አሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። በአራተኛው ጊዜ ወረዱና «እኔ በእግሬ እቀድማለሁ» አሉ። ቀደሙንም። በአቋራጩ ወርደው፣ እኛ ዞረን ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ የፊታቸው ወዝ ተመልሷል።

የጠጠሩ መንገድ ካለቀ በኋላ የእኛ መንገድ ይጀምራል። ከገደሉ አፋፍ አራት ኩርባ ይወርዳል፤ ከታች ደረቅ ወንዝ አለ፤ ወንዙን ተሻግሮ ሜዳው ላይ ቀበሌው ይገኛል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ፤ ፎጣውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ መንገዱን በእግሩ ወረደው። እስከ ወንዙ ሄዶ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ያህል ሳይወስድበት አይቀርም። እኔ በመኪናው ጥላ ተቀመጥኩ። ጥላውም ይፋጃል።

ሲመለስ ለመናገር ትንፋሹን ጠበቀ። «አባቴ፣ ስፋቱን በምን ለካችሁት?»

«በአህያ።»

«በአህያ?»

«ሁለት የተጫኑ አህዮች ጎን ለጎን። መኪና ሁለት አህያ ያክላል ብለውን ነው።»

«ልክ ነው፤ ያክላል። ቀጥ ባለው ላይ ይበቃል። ግን አህያ ወገቧ ይታጠፋል፤ መኪና አይታጠፍም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አፍንጫው ሲዞር ኋላው ገደል ላይ ይቀራል።»

ሽማግሌው ወደ ሦስተኛው ኩርባ ቁልቁል አዩ። ሁለት በጋ ድንጋይ ያስፈለጡ ሰው ናቸው። እኔ «ተመለሱ» ሊለን ነው ብዬ ልቤን አዘጋጀሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቢለን ኖሮ ደስ የሚለኝም ይመስለኝ ነበር። ተመልሼ እተኛ ነበር።

«ምን ያህል ይስፋ?» አሉ ሽማግሌው።

ሹፌሩ ወደ ኩርባው ወርዶ ከገደሉ ተቃራኒ ያለውን ግድግዳ በእጁ መታ መታ አደረገ። ከዚያ በእርምጃው ለክቶ፣ ድንጋይ አስቀመጠ። «እስከዚህ።»

ሽማግሌው ከአፋፉ ላይ ቆመው ወደ ታች በኽምጣና ተጣሩ። ድምፃቸው ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ከታች አንድ ሰው መለሰ፤ ያም ለሌላው አስተላለፈ። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች በአሸዋው ላይ ሲመጡ ታዩኝ፣ ዶማና አካፋ በትከሻቸው፤ ሴቶችም አሉባቸው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆፈሩ። ድንጋዩ ጠንካራ ነው፤ መዶሻው ሲያርፍበት ይጮኻል እንጂ አይሰበርም። እንዲሰነጠቅ በእሳት አሙቀው ውኃ እንዳይረጩበት፣ ውኃው ለመጠጥ እንኳ አይበቃም። እኔ የተፈለጠውን ድንጋይ በጆንያ ወደ ገደሉ ጠርዝ እወስዳለሁ፤ ሌሎቹ ካብ ይክቡታል። ሹፌሩ መጀመሪያ ቆሞ ያይ ነበር። ኋላ ወገቡን ይዞ ቁጢጥ አለና ካቡን ማስተካከል ጀመረ። «ይህን ገልብጡት፣ ሰፊው ፊቱ ወደ ታች ይሁን» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሥራውን አቆመ። ያለውን ተካፈልን፦ የማሽላ ቂጣ፣ ሽሮ። ሹፌሩ ከሰዎቹ ጋር ከአንድ ገበታ በላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሹፌሩ ለምልክት ያስቀመጠው ድንጋይ ጋ ደረሱ፤ ግን እሱ «በዚህ ብርሃን አልሞክረውም» አለ። እዚያው አደርን።

ጠዋት ከመኪናው የነበረውን ሁሉ አስወረደ፤ ክሪኩን፣ ትርፍ ጎማውን፣ የእኔን የመድኃኒት ሳጥን። እኛንም አራቀን። በራፉን ከፍቶ፣ አንድ እጁን በራፉ ላይ አድርጎ፣ ሊዘል እንደተዘጋጀ ሰው የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፎርዊል አስገብቶ በዝግታ ጀመረ። አንደኛውን ኩርባ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ ደግሞ ወደፊት፣ ደግሞ ወደ ኋላ። አዲሱ ካብ ላይ የኋላው ጎማ ሲያርፍ አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ወረደ። ሲወርድ እስከ ታች ሰማነው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እኔ አልጨፈንኩም፤ አለመጨፈኔ ግን ከድፍረት አይደለም፣ ከድካም ነው። መኪናው ዞረ። ካቡ ያዘ።

ወንዙ ላይ ደግሞ አሸዋው ዋጠን። ሹፌሩ ጎማዎቹን አስተነፈሰ፤ እኛ የግራር ቅርንጫፍና ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ አነጠፍን፤ ገፋን። ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሸተተ። እንደገና ገፋን። አሸዋው አፋችንና ዓይናችን ውስጥ ገባ። ረፋዱ ላይ መኪናው እኔ የምሠራበት ጤና ኬላ በር ላይ ቆመ።

እልልታ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። አልሆነም። ሁሉም ደክሟል። ሰዉ በጤና ኬላው ግድግዳ ጥላ ተደርድሮ ተቀመጠ፤ መኪናውን ያያል። አንዲት አሮጊት መጥተው ኮፈኑን በእጃቸው ነኩና ስለፈጃቸው ቶሎ መለሱት፤ «ታሞ ነው?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ብቻ ሳቅ ተሰማ። እኔ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፤ መኪናው፣ የጤና ኬላው ታፔላ፣ ሰዉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። የመጣው የጉልበቴ ሕመም ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ሹፌሩን «ቃልህን ጻፍልን» አሉት። «መኪና ይዤ ገብቻለሁ ብለህ።»

ሹፌሩ የሰጠሁትን የሪፈር ወረቀት ገልብጦ ጀርባውን አየው። አልጻፈም። «አባቴ፣ እኔ ይገባል ብዬ ብጽፍ ሌላ ሹፌር ቃሌን አምኖ ይመጣል። እሱ ደግሞ መንገዱን አስቀድሞ በእግሩ ላይወርደው ይችላል። ገደል ቢገባ ደሙ በእኔ ነው።»

«ታዲያ አልገባህም?»

«ገብቻለሁ።»

«እንግዲያው የሆነውን ጻፍ።»

ጻፈ። ጽሑፉ የሹፌር ነው፣ ትልልቅ ፊደል። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ «በበጋ፣ ባዶ መኪና፣ ሰው ወርዶ፣ በጥንቃቄ ይገባል። ሦስተኛው ኩርባ ይጨመርበት። አሸዋው ላይ ድንጋይ ይነጠፍ።»

ሽማግሌው አንዱ ቃል ላይ ቆሙ። «ባዶ?»

«ባዶ ነው የገባሁት፣ አባቴ።»

«አምቡላንስ ባዶውን ሊመጣና ባዶውን ሊመለስ ነው? ይህን ወረቀት ይዛ ብትሄድ ሰውየው ምን ይላታል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰማሁ። ሹፌሩም ቀና አለ። «ምን ላድርግ? ልዋሽ?» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወረቀቱን አጥፌ በእጄ ያዝኩት።

በዚህ መሀል አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች። ወሯ ገብቷል፤ አራተኛ ልጇ ነው። በሦስተኛው ክፉኛ ደም ፈስሷት በቃሬዛ ወጥታ ነበር። ስለዚህ ቀደም ብላ ጤና ጣቢያው ውስጥ ወዳለው የእናቶች ማቆያ እንድትወጣ አንድ ወር ሙሉ ስለምናት ነበር። «በዚህ ሆዴ ያን ዳገት?» ብላ እንቢ ትለኛለች። አሁን በነጠላ የታሰረ ጥቅል ይዛ፣ ባሏን አስከትላ ቆመች። ባሏ ከትናንት ጀምሮ ሲቆፍር የነበረ ነው፤ እጁ ተልጧል።

በኽምጣና ተናገረች። ስድስት ዓመት ኖሬ የምሰማውን ያህል እሰማለሁ። «እሄዳለሁ» ነው ያለችው።

ሹፌሩ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ሲስተር፣ መንገድ ላይ ቢመጣባትስ?»

«እኔ አለሁ።»

«መኪናው ይንጣታል።»

«ቃሬዛም ይንጣል።»

ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ ፊቱን ጠረገ። «ኩርባዎቹን በእግሯ ትወጣለች። ሌላውን እኔ አለሁ።»

ከኋላ ጆንያና ጋቢ አነጠፍንላት። አሸዋው ላይ ወንዶቹ ድንጋዩን ቀድመው ደልድለውት ስለነበር በአንድ ግፊት አለፍን። ኩርባዎቹ ሥር ስንደርስ ወረደች፤ ባሏ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ይዘናት ቀስ እያልን ወጣን። በየኩርባው ቆም ብላ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች፤ ምጥ ነው ብዬ እደነግጣለሁ፤ ትንፋሿን ሰብስባ ትቀጥላለች። ከበላያችን መኪናው እያቃሰተ ይወጣል። ሦስተኛው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ መልሶ ዞረ። አፋፉ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀን። ከዚያ ጠጠሩ መንገድ ነው። ጤና ጣቢያው ጋ ስናደርሳት ጫማዋን አውልቃ እግሯን አራግፋ ገባች። ከስድስት ቀን በኋላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደምም አልበዛባትም።

ሹፌሩ ከመለያየታችን በፊት ወረቀቱን ተቀበለኝና ከታች አንድ መስመር ጨመረ፤ «በመልሱ አንዲት ነፍሰ ጡር ይዤ ወጥቻለሁ፤ ኩርባዎቹን በእግሯ።» ባዶ የሚለውን ቃል አልሰረዘውም።

የጽሕፈት ቤቱ ሰው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ፎቶውን በስልኬ አሳየሁት፤ በሁለት ጣቱ አጉልቶ ታፔላውን አነበበ። ከዝርዝሩ ወዲያው አልሰረዘንም። ግን የአምቡላንሱን ሹፌር ላከው። እሱ ወጣት ነው፣ ጥንቁቅም ነው፤ እስከ ሦስተኛው ኩርባ በእግሩ ወርዶ፣ ከላይ ያሉትን ሁለቱን አምቡላንሱ እንደሚያልፋቸው፣ ከዚያ በታች ግን እንደማይሞክረው ተናገረ። ሽማግሌው ሊከራከሩ ጀመሩ፤ ቆይተው ተዉት። ከሦስተኛው ኩርባ እስከ ቀበሌው ለቃሬዛ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከቀን እኩሌታ አንድ ሰዓት ላይ ደርሰናል። ስሙ ከዝርዝሩ አልወጣም፤ ከጎኑ በእስክሪብቶ «በበጋ እስከ ኩርባው» ተጽፎበታል።

በክረምቱ ጎርፍ ከኩርባው በታች ያለውን መንገድ ወሰደው። ካቡም ተናደ። መስከረም ሲጠባ ሽማግሌው በየቤቱ ዞረው ሰዉን ጠሩ፤ ቁፋሮው እንደገና ተጀመረ። የዝውውር ማመልከቻዬን በዚያው ወር አስገብቼ ነበር፤ መልስ አልመጣም፤ እኔም ሄጄ አልጠየቅኩም። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ደክሞኝ ነው እላለሁ። እውነትም ነው፤ ለመሄድም ጉልበት ይጠይቃል።

አምቡላንሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣልን በኅዳር ነው። ምጥ የጀመራትን ሴት ኩርባው ላይ አደረስናት፤ ስልክ የሚይዘው እዚያ አፋፉ አጠገብ ስለሆነ ደወልኩ፤ «ተነሥተናል» አሉኝ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ከግድግዳው ጥላ አሳረፉት። ሴትየዋን መረመርኩ፤ ጊዜ አላት። እጄን ታጥቤ፣ ጀርባዬን ድንጋዩ ላይ አስደገፍኩ። አንድ አፍታ ዓይኔን ልከድን ብዬ ነበር። የሴትየዋ እናት ትከሻዬን ሲነቀንቁኝ ነው የባነንኩት።

«ተነሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ «መኪናው እየወረደ ነው።»